ኮከብ ያጠፋው ቅባት

መኪናው አስፋልቱን ለቆ አሸዋው ላይ ሲወጣ የቴሌስኮፑ መስታወት ቀበቶ ታጥቆ መሀላችን ተቀምጧል። እኔና ረሂማ ቀበቶ አልደረሰንም። ጣሪያው ጭንቅላታችንን በመታን ቁጥር ራሳችንን ሳይሆን መስታወቱ ያለበትን ሣጥን ነበር የምናቅፈው።

«ቀስ በል እንጂ ጋሽ ሙኒር! አንጀቴ አፌ ደረሰ» አልኩት።

«አንጀትሽ አፍሽ ቢደርስ ምላስሽን ገፍቶ ያወጣልን ነበር» አለ ሹፌሩ፣ ዓይኑን ከአሸዋው ሳይነቅል። «ሣጥኑን ያዥ። እሱ ከተሰነጠቀ ባባ ሦስታችንንም እዚሁ ቀብሮን ነው የሚመለሰው።»

ቀልድ ነበር። ግን ማናችንም አልሳቅንም።

ወራቱ የዓለም ዋንጫው ካለፈ በኋላ የመጣው ሁለተኛው ብርድ ነው። በዚያ ዘመን የዶሃ ሰው ብርድ ሲገባ ቪላውን ዘግቶ ምድረ በዳ ላይ ድንኳን ይተክል ነበር። ድንኳን ይባል እንጂ ሶፋውም፣ ምንጣፉም፣ ጄኔሬተሩም፣ ቴሌቪዥኑም ነበረው። ጌቶቹ ከከተማ ለማረፍ ሲወጡ እኛ ከነድስታችን ተጭነን እንከተላለን፤ የእነሱ ማረፍ ለእኛ እጥፍ ሥራ ነው። ያን ቀን ግን የወጣነው ለእረፍትም አልነበረም። ባባ ኮከብ ሊያሳይ ነበር።

ባባ ማለት የቤቱ ጌታ ነው። ጓደኞቹ በልጁ ስም አቡ ራሺድ ይሉታል፤ ለእኛ ግን ባባ ነው፣ ሚስቱ ማዳም ናት፣ ከዚያ ሌላ ስም ቢኖራቸውም አፋችን ላይ አይወጣም። እኔ ጠይባ ነኝ፤ ቤት አጸዳለሁ፣ ሻይ አቀርባለሁ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል፣ ምላሴ እስከ ዩኒቨርሲቲ ነው ትላለች ረሂማ። ረሂማ ወጥ ቤቷ ናት፤ የደሴ ሰው። ከእኔ በስንት ዓመት የምትበልጥ፣ ስትቆጣ እናቴ፣ ስትስቅ እኩያዬ የሆነች ሴት።

ያ ሳምንት የረሂማ ሳምንት ነበር። ሐሙስ ልትበር ነው። ልጇን አሚራን ትታት ስትመጣ ሕፃኗ ገና ጡት አልጣለችም ነበር፤ አሁን ቦርሳ አዝላ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ሻንጣው በገመድ ተጠፍሮ አልጋዋ ሥር ገብቷል፤ ቲኬቱ ተቆርጧል። የቀረው ፓስፖርቷን ከባባ እጅ መቀበል ብቻ ነው። ባባ የሁላችንንም ፓስፖርት ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ሊያሳድስ ብሎ ሰብስቦ መኪናው መሳቢያ ውስጥ ይዞት ይዞር ነበር።

ወደ ኮከቧ ልመለስ።

ኮከብ የሚገኘው ሰማይ ላይ ይመስለኝ ነበር። ባባ ግን የራሱን ያገኛት አል ቱማማ ባለው ቪላው፣ እንግዳ በሚቀበልበት መጅሊስ ውስጥ፣ ኮምፒዩተር ላይ ነው። ለሚስቱ የማይነግረውን ሻይ ለምታቀርብለት ልጅ ይነግራል፤ እንዲህ ያለች ልጅ መልስ አትሰጥም ብሎ ነው መሰለኝ፣ እኔን አያውቀኝም ነበርና። ሩቅ አገር ተራራ ላይ አንድ ትልቅ ካሜራ አለ አለኝ። ሰማዩን በሙሉ ቁራጭ በቁራጭ ፎቶ ያነሳል። ከዚያ ማሽን ፎቶው ላይ ያለውን የብርሃን ነጥብ ሁሉ ይለቅማል፤ የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሚደምቅ ይመዘግባል፤ አንድ ትልቅ ሰንጠረዥ ይወጣል፤ የፈለገ ሰው ሁሉ ከፍቶ ያየዋል። ባባ የድሮውን ሰንጠረዥ ከአዲሱ ጋር ሲያስተያይ በድሮው የሌለች፣ በአዲሱ ያለች አንዲት ነጥብ አገኘ። ከአንዲት ደማቅ ኮከብ ጉያ ሥር።

«ያ ጠይባ» አለኝ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ሰክቶ፣ «ይህችን ከእኔ በፊት ያያት የአዳም ልጅ የለም።»

«ይሄ በቁጥር የታጨቀው ረድፍስ ምንድን ነው ባባ?»

«ይሄ? ይሄ የማሽኑ ጉዳይ ነው። ዓይን ያደክማል» አለና ረድፉን ከስክሪኑ አጠፋው።

ስሟን ነጅመት ኑራ አላት፤ የኑራ ኮከብ። ኑራ እናቱ ናት። ከረመዳን በፊት ነው የሞተችው። ባባ ከዚያ በኋላ ነው ቀን ተኝቶ ማታ ሰንጠረዥ የሚያገላብጥ ሰው የሆነው። ስለዚህ ያን ቀን ሽማግሌዎቹን፣ የሰማይ ወዳጆች ማኅበር ጓደኞቹንና ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረውን ዶክተር ኒዛርን ሲጠራ የጠራቸው ለኮከብ ብቻ አልነበረም። ይህን እኛም እናውቅ ነበር። ሣጥኑን እንዲያ አቅፈን የሄድነው ለዚህ ነው።

*

ሰፈሩ ስንደርስ ፀሐይ ገና ነበረች። ሙኒር ሣጥኑን ከወጥ ቤቱ ድንኳን ጎን ጥላ ውስጥ አስቀመጠና ጣቱን ቀሰረብን።

«ባባ እስኪመጣ ክዳኑ አይነሳም። ከእኔ በፊት የነበረው ሹፌር ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? የሻይ ብርጭቆ ነው ያስቀመጠበት። ባዶ ብርጭቆ! ክዳኑ ላይ! በሳምንቱ አገሩ ገባ።»

«እኛ ሻይ አንጠጣም» አልኩት።

«አንቺን አይደለም፣ እሷን ነው የምለው። ሐሙስ አለባት።»

ይህን ብሎ የድንኳን ገመድ ሊያጠብቅ ሄደ። ሄዶም አልቀረ፤ ከሩቅ ሆኖ «ረሂማ፣ ፎቶውን አሁን ካልተነሳሽ ብርሃኑ ይሄዳል!» ብሎ ጮኸ።

ፎቶው ለአሚራ ነው። ልጅቷ አውሮፕላን ማረፊያ ስትመጣ እናቷን አይታ እንዳትሸሽ፣ ረሂማ አስቀድማ ፊቷን ልትልክላት ፈልጋለች። ስልካችንን ማዳም ሰብስባ አል ቱማማ አስቀርታዋለች፤ እንግዳ ሲኖር ልማዷ ነው። ስልክ የነበረው ሙኒር ብቻ ነው። መስታወት ደግሞ የለም። የወጥ ቤት ድንኳን ውስጥ ማን መስታወት ይሰቅላል? ረሂማ የድስት ክዳን አንስታ ፊቷን አየች። ፊቷ ላይ የትናንቱ ሩዝ አለ።

«በዚህ ፊት ልጄ ትሸሸኛለች፣ ወላሂ» አለች።

ከዚያ ሁለታችንም ሣጥኑን አየነው። ማን ቀድሞ እንዳየው አላውቅም።

«አንዴ ብቻ» አለች። «እጄን አላስገባም። አየት አድርጌ እዘጋዋለሁ።»

ክዳኑን አነሳችው። እግዜር ያሳያችሁ! ከሣጥኑ ሥር አንዲት ግዙፍ ሴትዮ ቀና ብላ አየችን። መስታወቱ ጎድጓዳ ነው፤ ነገር ያተልቃል። የረሂማ አፍንጫ ድንች አክሏል፤ ቅንድቧ እንደ ጫካ ነው። እኔም አንገቴን አስገባሁ፤ ብጉሬ እንደ ተራራ ተነሳብኝ። ሳቅን። ሳቃችንን በሻሽ አፍነን እስክንወድቅ ሳቅን። ረሂማ ኩሏን ተኳለች፤ የፀጉር ዘይቷን ከጉያዋ አውጥታ መዳፏ ላይ አፈሰሰች፤ ጎንበስ ብላ ጠጉሯን ወደ ኋላ ላገች።

ጠብ አለ።

አንዲት ጠብታ ናት። መሀል ላይ ሳይሆን ወደ ዳር። ረሂማ ትንፋሿን ውጣ አየቻት። ከዚያ ማንኛዋም ወጥ ቤት ሠራተኛ የምታደርገውን አደረገች፤ ጠብታ ስታይ እጇ አያርፍም፣ የሻሿን ጫፍ ይዛ ጠረገችው። ጠብታዋ ጠፋች፣ በምትኳ ግን መዳፍ የሚያክል ጭጋግ መጣ። ደግማ ጠረገች። ጭጋጉ ሰፋ።

«ተይው!» አልኳት። «ተይው እትዬ ረሂማ፣ እያባስሽው ነው!»

ክዳኑን ገጠመችው። ሙኒር ስልኩን ይዞ ሲመጣ ፊታችንን ብቻ አይቶ ቆመ።

«ምን ሆናችኋል?»

ሣጥኑን አየ። የረሂማን ዘይት የነካ መዳፍ አየ። ከንፈሩ አመድ መሰለ።

«ምንም አላየሁም» አለ በዝግታ። «እናንተም ምንም አልነካችሁም። ተሰማማን?»

ፎቶውን ግን አነሳት። ፎቶው ላይ ረሂማ ሞት የመጣባት ትመስላለች።

*

መግሪብ ተሰግዶ ሲያበቃ ሰማዩ ጠቆረ። ጄኔሬተሩ ጠፋ፤ ባባ ነው ያስጠፋው። ቀይ መብራት ብቻ ተፈቀደ፣ ነጭ መብራት ዓይን ያሳውራል ብሎ። እንግዶቹ ነጭ ቶባቸውን ለብሰው፣ የብርድ ካባቸውን ደርበው፣ በቀይ መብራት መሀል ሲዘዋወሩ የማላውቃቸው ሰዎች ሆኑብኝ። ባባና ሙኒር ሣጥኑን ከምሰሶዎቹ ጋር አገጣጥመው ቴሌስኮፑን አቆሙት፤ ቁመቱ ከሰው ይበልጣል፤ ዓይን የሚገባበት ቀዳዳ ላይ ለመድረስ መሰላል ያስፈልጋል። ክዳኑ ሲነሳ ጨለማ ነበርና ባባ ምንም አላየም። ረሂማ የወጥ ቤቱ ድንኳን በር ላይ ሆና ከንፈሯ ዱዓ ሲያደርግ ከሩቅ አየዋለሁ።

እኔ የሻይ ፔርሙስ ይዤ እዞራለሁ።

ባባ መሰላሉ ላይ ወጣ። ዓይኑን አስገባ። ቴሌስኮፑን ትንሽ ገፋ፣ ትንሽ መለሰ። ሽማግሌዎቹ «ቢስሚላህ፣ ማሻአላህ» እያሉ ይጠብቃሉ። ባባ አሁንም ገፋ። አሁንም መለሰ። ስልኩ ላይ ያለውን ቁጥር አየ፤ እንደገና ዓይኑን አስገባ። ነፋሱ የካባውን ጫፍ ያነሳዋል። ማንም ቸኩል አላለውም፤ ግን ዝምታው ራሱ ይቸኩል ነበር።

ሙኒር አጠገቤ ቆሟል። ወደ ጆሮው ተጠጋሁ።

«ጋሽ ሙኒር፣ የፀጉር ዘይት ኮከብ ያጠፋል?»

«ኮከቡን እንጃ» አለኝ ጥርሱን ነክሶ። «እኛን ግን ያጠፋናል።»

አምኜው ነበር፣ ወላሂ። ያኔ ለእኔ የነገሩ ሁሉ መልክ ይህ ነበር፦ ሰማዩ ላይ እንዲህ ተከማችተው ካሉት ሁሉ ረሂማ በሻሿ ጫፍ አንዷን ጠርጋ አጥፍታታለች፤ እሷም የሞተች እናት ኮከብ ናት። ከዚህ የባሰ ምን ወንጀል አለ? ፔርሙሱ እጄ ላይ ከበደኝ።

ባባ ወረደ። «ዶክተር፣ እስኪ አንተ» አለ።

ዶክተር ኒዛር ወጣ፤ ብዙ አየ። ሲወርድ ለእንግዶቹ ምንም አልተናገረም። ባባን ክንዱን ይዞ ወደ ጎን ወሰደው፤ ወደ እኔ በኩል ማለት ነው። እኔ ለእነሱ ከፔርሙሱ እጀታ አልበልጥም። ዶክተሩ እንደ መምህር ቃል በቃል ነው የሚናገረው፤ ዓረብኛዬ የወጥ ቤት ዓረብኛ ቢሆንም ነገሩ ገባኝ።

«አቡ ራሺድ፣ ያቺ ደማቅ ኮከብ አጠገብ ነው አይደል ያገኘሃት?»

«አዎ። ቦታው ትክክል ነው። ሌሎቹ ሁሉ በቦታቸው አሉ። እሷ ብቻ...»

«የማስጠንቀቂያውን ረድፍ አየኸው?»

«ዓይን ያደክማል» ብሎ ከስክሪኑ ያጠፋው ረድፍ ትዝ አለኝ።

«ካሜራው ደማቅ ኮከብ ሲያይ ብርሃኑ ውስጡ ይንጸባረቃል» አለ ዶክተሩ። «ማሽኑ ደግሞ ነጸብራቁን ኮከብ ብሎ ይመዘግበዋል። ሰዎቹ ራሳቸው ያውቁታል፤ የታወቁ ችግሮች ብለው ገጻቸው ላይ አውጥተውታል። በዚያ ረድፍ ምልክት ያለበትን አትመኑ ይላሉ። አሮጌው ካሜራ ላይ ያልነበረችው ለዚህ ነው። ወንድሜ፣ እዚያ ቦታ ኮከብ የለም። ኖሮም አያውቅም።»

ባባ እጁን ወደ ደረቱ ወሰደ። ሰው የመታው ይመስል ነበር። ትንሽ ቆይቶ «አሁን አትንገራቸው» አለ። «ለአላህ ብለህ፣ አሁን አትንገራቸው።»

እኔ ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? ደስታ። ነውር ነው፣ ግን ደስታ ነው። ረሂማ ምንም አላጠፋችም! ሮጬ ሄጄ ልነግራት አንድ እግሬን አንስቼ ነበር።

ያን ጊዜ አንዱ ሽማግሌ ከወንበሩ ሆኖ ጮክ አለ። «አቡ ራሺድ! የእናታችን ኮከብ የት ደረሰች? ዓይናችን ፈዘዘ እኮ!»

ሌሎቹ በፍቅር ሳቁ። ባባ አልሳቀም። ቀዩን መብራት አንስቶ ወደ ቴሌስኮፑ ሄደ፤ መብራቱን ወደ ታች፣ ወደ መስታወቱ አበራ። ምን እንደሚፈልግ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ የሆነ ነገር፣ ማንኛውንም ነገር ይፈልግ ነበር። አገኘ።

«ማነው የነካው?»

ጮኾ አልነበረም የተናገረው። ቀና ብሎ ቆሞ የነበረው ሙኒር ግን ወዲያው ጎበጠ።

«መስታወቴን ማነው የነካው? ሁላችሁም ኑ!»

መጣን። ቆምን። ሽማግሌዎቹ ከወንበራቸው ዞሩ። ባባ መጀመሪያ ሙኒርን አየ፤ ሙኒር አሸዋውን አየ። እኔን አየ። አፌን ከመክፈቴ በፊት ረሂማ አንድ እርምጃ ወጣች።

«አነ» አለች በዓረብኛ። «እኔ ነኝ ባባ። እሷ ምንም አላደረገችም፣ ልጅ ናት። ዘይት ነው። ጠብ አለብኝ። ኮከብህን... ኮከብህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።»

ኮከቡን እንዳጠፋችው ከልቧ አምናለች። ዕድሜ ልኳን ሰው አጥፍተሻል ሲላት አዎ ስትል የኖረች ሴት ናት።

ባባ ግን እንዳላጠፋችው ያውቃል። ያውቃል! ገና አሁን ነው የሰማው። ወደ እንግዶቹ ዞረ፤ ድምፁ ቀስ በቀስ ሲጠነክር እየሰማሁት ነበር፣ እንደ ሰው ሳይሆን እንደሚሞላ ጎማ።

«እንግዲህ ሰማችሁ» አለ። «የወጥ ቤት ሴት በፀጉር ዘይት መስታወቴን አበላሽታዋለች። ኮከቧ በዚህ ምክንያት አትታይም።»

«ላ ሐውለ!» አሉ ሽማግሌዎቹ። አንዱ ራሱን ነቀነቀ። አንዱ «እነዚህን ሰዎች እንዴት ብትነግራቸው...» ብሎ ጀምሮ ተወው።

ባባ ወደ ረሂማ ሳይዞር «ሐሙስን እርሺው» አላት። «ሐሙስ አውሮፕላን የለም። ሐሙስ ፖሊስ ጣቢያ ነን።»

ረሂማ አልጮኸችም። «አሚራ» ብቻ አለች፤ ለማንም አልነበረም። ዶክተር ኒዛርን አየሁት። ጫማውን ያያል። ጫማው ላይ አሸዋ እንጂ ሌላ ነገር የለም።

አሁን እኔን ጠይቁኝ። ቤት ውስጥ ምላስሽ ዩኒቨርሲቲ ነው ስባል ኖሬያለሁ፤ ያን ሰዓት ግን አፌ ውስጥ ምላስ መኖሩን አላውቅም። ከተናገርኩ ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። መክተብ ወደሚሉት፣ ወዳስቀጠረኝ ቢሮ ይመልሱኛል። መክተብ የተመለሰች ልጅ ወለል ላይ ተኝታ፣ ማን እንደሚወስዳት ሳታውቅ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ተነስታ ትቆማለች። ወንድሜ ሰዳም ትምህርት ቤት የሚሄደው ደግሞ እኔ ሹግል ሠርቼ በምልከው ብር ነው። ዝም በይ አልኩ ለራሴ። አንቺን ማንም አልጠየቀሽም።

ግን ረሂማ «ልጅ ናት» ብላ ቀድማኝ ወጥታለች። ይህን ምን አደርገዋለሁ?

«ዶክተር» አልኩ።

ድምፄ ቀጥኖ ወጣ፤ የራሴ አልመሰለኝም። ሁሉም ዞሩ። ፔርሙሱን በሁለት እጄ ይዤዋለሁ።

«ዶክተር፣ ይቅርታ፣ እኔ ያልተማርኩ ነኝ። ዘይት... ዘይት አንዷን ኮከብ ብቻ መርጦ ያጠፋል እንዴ? አጠገቧ ያሉትን ትቶ?»

ነፋሱ እንኳ የቆመ መሰለኝ። ባባ ወደ እኔ አልዞረም፤ ጀርባው ብቻ ደረቀ። ሙኒር በአማርኛ፣ ከትንፋሹ በታች፣ «ጠይባ፣ አለቀልሽ» አለ።

ዶክተር ኒዛር መነጽሩን አወለቀ። ጠረገው። መልሶ አደረገው። ወዳጁን አየ፣ ረሂማን አየ። ሽማግሌዎቹ ይጠብቃሉ፤ እሱ የተጋበዘው ስለሚያውቅ ነው።

«ላ» አለ በመጨረሻ። «አያጠፋም። ሁሉንም እኩል ያደበዝዛል እንጂ አንዷን አያጠፋም።» ቀጥሎም ፈጠን ብሎ «ስህተቱ የሰንጠረዡ ነው። አቡ ራሺድን ብቻ አይደለም ያሳሳተው፤ እኔንም ያሳስት ነበር» አለ። የኋለኛው ውሸት ነው፤ ግን መልካም ውሸት ነው።

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻል ነበር። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ተነሱ፤ «አላህ ይርሐማት» አሉ፣ ለእናትየዋ፣ ትከሻውን ነክተው ወደ መኪናቸው ሄዱ። ያልጠጡት ሻይ ምንጣፉ ላይ ቀረ። ባባ ቴሌስኮፑን ተደግፎ ሰማይ ሰማይ ያይ ነበር። ያ ሁሉ ኮከብ በርቶ ሳለ ዓይኑን የተከለው አንዲት ባዶ ቦታ ላይ ነው። ለአፍታ አሳዘነኝ። ከዚያ መልሼ ፈራሁት።

*

ድስቶቹን ጭነን ስንጨርስ ባባ ጠራን። ረሂማንና እኔን። የመኪናውን በር ከፍቶ በቀይ መብራት መሳቢያውን ይበረብር ነበር። ረሂማ ክንዴን ይዛ ጥፍሯን ተክላብኛለች።

አንዱን ፓስፖርት አወጣ፤ አየው፤ ለረሂማ ዘረጋላት። ይቅርታ አላለም። «ሐሙስ ሙኒር ያደርስሻል» ብቻ አለ።

ረሂማ ለመቀበል ፈራች። እጇን ዘረጋች፣ መለሰች፣ እንደገና ዘረጋች። ስትይዘው ግን ደረቷ ላይ ለጠፈችው፤ ምስጋናውን ሳትጨርስ እንባዋ መጣ። «ሂጂ ግቢ መኪና» አላት። እኔን አየችኝ። «ሂጂ» አልኳት እኔም። «ያላ፣ ሂጂ!»

ሄደች። ሁለታችን ቀረን።

ባባ የእኔን ፓስፖርት አውጥቶ መብራቱን አቀረበለት። ያነባል። ከዚያ የሙኒርን አወጣ፤ አነበበ። እንደገና የእኔን። ዓመቱን ሙሉ በቁጥር ላይ የኖረ ሰው ቁጥር ሲያይ እንዴት እንደሚያይ ያን ጊዜ አየሁ።

«ጃንዋሪ አንድ» አለ። «ሙኒርም ጃንዋሪ አንድ። የረሂማም ጃንዋሪ አንድ ነበር። ሁላችሁም አንድ ቀን ነው የተወለዳችሁት?»

«ቀኑ የማይታወቅ ሰው እንደዚያ ይሞላለታል ባባ።»

«ሰንጠረዡም እንዲሁ ነው» አለ ለራሱ። «ያልተለካውን ዘጠና ዘጠኝ ብለው ይሞሉታል። የማያውቅ ሰው እውነት ይመስለዋል።» መብራቱን ከፓስፖርቱ አንስቶ ፊቴ ላይ አበራ። ዓይኔን ጨፈንኩ። «እዚህ ላይ ሃያ ስድስት ይላል። ጠይባ፣ ስንት ዓመትሽ ነው?»

ዘጠኝ ወር ሙሉ ማንም አልጠየቀኝም ነበር። መልሱን ደላላው አስጠንቶኛል፤ በእንቅልፌ እንኳ እለዋለሁ። ሃያ ስድስት፣ ያገባሁ፣ የተፈታሁ። ግን ያን ሰዓት ደክሞኝ ነበር።

«የትኛውን ልንገርህ ባባ? የወረቀቱን ወይስ የእኔን?»

«ያንቺን።»

«አሥራ ሰባት።»

መብራቱን አጠፋው። ወዲያው ግራና ቀኝ ተገላምጦ የሰማ ሰው እንዳለ አየ። ሲተነፍስ ይሰማኛል፤ አጭር አጭር ነው። ባባ ሲፈራ ሳይ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። ኮከብ ያለመኖሩ ያሳፍራል፤ ቤቱ ውስጥ ያለ ዕድሜዋ የምትሠራ ልጅ መገኘቷ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ፖሊስ ጣቢያው ለእሱም ጭምር ነው። የፈራ ጌታ ከተቆጣ ጌታ እንደሚከፋ ሙኒር ሁሌ ይነግረኝ ነበር።

«ማን ያውቃል?»

«እኔ። እናቴ። ደላላው። አሁን ደግሞ አንተ።»

«ረሂማስ?»

«ምንም አታውቅም» አልኩ ቶሎ። ታውቃለች።

«ሐሙስ» አለ። «አንቺም ሐሙስ ትሄጃለሽ። ለማንም አትናገሪም። ለማዳምም።»

«ባባ፣ ወላሂ አላወራም፣ ሥራዬን ብቻ...»

«ኸላስ!»

ወደ መኪናው ስሄድ እግሬ አሸዋው ውስጥ ይሰምጣል። ረሂማ በሩን ከውስጥ ከፈተችልኝ። ፓስፖርቷን ቀሚሷ ውስጥ ከትታ በላዩ ላይ እጇን ጭናበታለች።

«ምን አለሽ? መክተብ ነው? ንገሪኝ!»

«አይደለም» አልኳት። «ሐሙስ አብሬሽ ነኝ። እኔንም አሳፍሮኛል።»

«አልሐምዱሊላህ!» አቀፈችኝ፤ ግንባሬን ሳመችኝ። «ብቻዬን አውሮፕላን መግባት እንዴት ፈርቼ እንደነበር! አሚራን ታያታለሽ፣ ቤቴን ታያለሽ...»

ሙኒር ከፊት ሆኖ በመኪናው የኋላ ማሳያ መስታወት አየኝ። መባረሬ እሱ ገብቶታል። መኪናውን አስነሳ።

ረሂማ እጄን እንደያዘች ድንገት ወሬዋን አቆመች። «ልጄ፣ እጅሽ ለምን ይንቀጠቀጣል?»

«ብርድ ነው» አልኳት።

መስኮቱን ዘጋችልኝ።